ፉከራ ዒላማ አይመታም

ስለ ጀግና ሲወራ ቀድሞ ጆሯችን ላይ የሚያቃጭለው ድምፅ ነው። ሽለላው፣ ቀረርቶው፣ ፉከራው። ጎፈር የደፋ ሰው መሬቱን እየረገጠ «ዘራፍ!» ሲል ይታየናል።

ይህ ባህል ያለ ምክንያት አልመጣም። ጎራዴ መዝዞ ጦር መሐል የሚገባ ሰው ደሙ መፍላት አለበት። ፍርሃቱን በጩኸት ይሸፍናል፣ ጓደኛውን ያነሳሳል፣ ጠላቱን ያስደነግጣል። ጠመንጃ ሲመጣ ግን ነገሩ ተለወጠ። ጎራዴ የሞቀ ክንድ ይወዳል። ጠመንጃ የሚፈልገው የቀዘቀዘ ጣት ነው።

ታሪካችን የሞቀውን ክንድ አብዝቶ ዘመረለት፤ የቀዘቀዘውን ጣት ግን ረሳው። ለዚህ ከጉራጌ አገር የወጣ አንድ ሰው ጥሩ ምስክር ነው፤ ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ፣ በፈረስ ስማቸው አባ ነፍሶ።

ባልቻ የተወለዱት በጉራጌ አገር አገምጃ በሚባል ስፍራ ነው። የምኒልክ ጦር አካባቢውን ሊያስገብር በዘመተበት ወቅት ገና ልጅ ነበሩ። ከጦርነቱ ፍርስራሽ ተሰልበውና ቆስለው ተገኙ፣ ታክመው ዳኑ፣ በቤተ መንግሥትም አደጉ ተብሎ ይተረካል። ዘመኑ ለአካባቢው ቀላል አልነበረም። ዛሬ ወልቂጤ ባለችበት አቅራቢያ የቀቤናው ሐሰን እንጃሞ ከራስ ጎበና ጦር ጋር ለዓመታት የተፋለሙት በዚያው ምዕራፍ ነው። በጠመንጃ የተሸነፈ አገር ልጅ አድጎ የንጉሠ ነገሥቱ መድፈኛ ሆነ። በዚህ ውስጥ ኩራትም ሐዘንም አለ፤ አንዱን ወስዶ ሌላውን መጣል አይቻልም።

አሁን አንድ ነገር ልብ እንበል። ባልቻ በዓድዋ ዘመን ማዕረጋቸው በጅሮንድ ነበር። በጅሮንድ ማለት ግምጃ ቤት ጠባቂ፣ የመንግሥት ንብረት ቆጣሪ ማለት ነው። መድፉን የያዘው ሰው ቆጥሮ የሚረከብና ቆጥሮ የሚያስረክብ ሰው ነበር ማለት ነው።

ይህ ተራ አጋጣሚ ይመስላል፤ ግን አይደለም። በዚያ ዘመን ጥይት ውድ ነበር። በብዙ የአገሪቱ ገበያዎች እንደ አሞሌ ጨው ሁሉ ጥይትም መገበያያ ሆኖ ያገለግል ነበር። ብዙው ወታደር የያዘው ውጅግራ ደግሞ አንድ ጎራሽ ነው። ተኩሶ የሳተ ሰው ቀለሁን አውጥቶ ሌላ እስኪያጎርስ ድረስ ባዶ እጁን እንደቆመ ይቆጠራል። እንግዲህ ቃታው ላይ ጣቱን ያሳረፈ ሰው ምን እንደሚሰማው አስቡት። ከሳተ ገንዘቡ ሄደ፣ ጊዜው ሄደ፣ ምናልባት ነፍሱም ሄደች። ዛሬ የስፖርት ሰዎች «የውድድር ጫና» የሚሉትን ነገር ያ ወታደር ስም ሳያወጣለት ኖሮበታል።

መድፍ ሲሆን ደግሞ ጫናው ይበዛል። መድፈኛ ርቀቱን ይገምታል፣ ያጎርሳል፣ አፈሙዙን ያስተካክላል፣ ይተኩሳል፣ አረሩ የት እንደወደቀ ያያል፣ ከዚያም አርሞ እንደገና ይተኩሳል። የመጀመሪያው መሳቱ ውርደት ሳይሆን መረጃ ነው። «ወደ ግራ አለፈ፣ አጠረ፣ ረዘመ» ብሎ ለቀጣዩ ይጠቀምበታል። በመጀመሪያው መሳት የሚናደድ ሰው ሁለተኛውንም ይስታል።

በጥር 1888 ዓ.ም. የመቀሌ ምሽግ በተከበበ ጊዜና የካቲት 23 በዓድዋ የኢትዮጵያን መድፍ ካዘዙት መካከል በጅሮንድ ባልቻና ሊቀመኳስ አባተ ይጠቀሳሉ። አባተ የጣሊያንን መድፍ በመድፍ መምታታቸውን የሕዝብ ግጥም ሲያወድስ ኖሯል። በሌላ በኩል ፊታውራሪ ገበየሁ በኅዳር 1888 አምባላጌ ላይ ትእዛዝ ሳይጠብቁ ውጊያ ከፈቱ፣ ለዚህም ታሰሩ ተብሎ ይነገራል፤ በዓድዋም ሲዋጉ ወደቁ። አገር ሁለቱንም ዓይነት ሰው ይፈልግ ነበር። ወደ ፊት ለመሮጥ ገበየሁ፣ አልሞ ለመምታት ባልቻና አባተ። ስህተቱ የሚመጣው መተኮስ ያለበት ሰው ሊሮጥ ሲያምረው ነው።

ለምን? መልሱ ከሥጋችን ውስጥ ነው። ሰው ሲጨነቅ ልቡ ይመታል፣ ትንፋሹ ያጥራል፣ ጡንቻው ይወጠራል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ለሯጭ ይህ ስንቅ ነው፤ ለተኳሽ መርዝ ነው። ስለዚህ ጥሩ ተኳሽ በቀስታ ይተነፍሳል፣ ትንፋሹን በከፊል አውጥቶ ይይዛል፣ ቃታውንም አይነጥቀውም፣ እየጨመቀ ይስበዋል። የእጅ መንቀጥቀጥ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማወቅ የቤጂንግን ኦሊምፒክ ማስታወስ ይበቃል። በአውሮፓውያኑ 2008 የሰሜን ኮሪያው ኪም ጆንግ ሱ በሽጉጥ ያገኛቸውን የብርና የነሐስ ሜዳሊያዎች ተነጠቀ። የተገኘበት ፕሮፕራኖሎል የተባለ፣ የልብ ምትን የሚያረጋጋ መድኃኒት ነው። ሯጭ ለመፍጠን ሲያጭበረብር ተኳሽ ለመረጋጋት ያጭበረብራል።

ታዲያ «ተረጋጋ» ብሎ ራስን ማዘዝ በቂ ነው? አይደለም። እንዲያውም ሊጎዳ ይችላል። ለዚህ አሜሪካዊው ማት ኢመንስ አለ።

በ2004 በአቴንስ ኢመንስ በ50 ሜትር ጠመንጃ የሦስት አቋቋም ውድድር እየመራ የመጨረሻ ጥይቱ ላይ ደረሰ። መሐሉን መምታት እንኳ አያስፈልገውም ነበር፤ መካከለኛ ነጥብ ይበቃው ነበር። ተኮሰ፣ መታም። የመታው ግን የጎረቤቱን ዒላማ ነው። ነጥቡ ዜሮ ሆነ፣ ከአንደኛ ወደ ስምንተኛ ወረደ። ኋላ እንደተናገረው ሁልጊዜ ከዒላማው በላይ ያለውን ቁጥር በማነጣጠሪያው አይቶ ነው ወደ ዒላማው የሚወርደው። ያን ጊዜ ግን ሐሳቡ ሁሉ ራሱን ማረጋጋት ላይ ስለነበር ቁጥሩን ማየት ዘለለ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሰውየው የወደቀው ባለመረጋጋቱ አይደለም። ስለ መረጋጋት ሲያስብ የሥራውን አንድ ደረጃ ስለረሳ ነው። ጫና ጉልበታችንን ብቻ አይነካም፤ ለዓመታት ሳናስበው የምንሠራውን ነገር ያስዘልለናል። መድኃኒቱም እዚያው ነው። ስሜትን ከማሳደድ ይልቅ ተራውን ሥራ በተራው መሥራት። ቁጥሩን እይ፣ ሰደፉን ትከሻህ ላይ አስተካክል፣ ተንፍስ፣ አልም፣ ቃታውን ጨምቅ። ልብ ቢመታም ይምታ፤ እጅ ሥራውን ያውቃል።

ኢመንስ ከአራት ዓመት በኋላ በቤጂንግም በመጨረሻ ጥይቱ 4.4 ብቻ አምጥቶ ወርቁን አጣ። በ2012 በለንደን ግን በዚያው ውድድር ነሐስ ወሰደ። ሁለት ጊዜ ዓለም እያየው የሳተ ሰው ተመልሶ እዚያው መስመር ላይ መቆሙ ራሱ ትምህርት ነው።

በ2024 በፓሪስ አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ ሲተኩስ የታየውን የቱርኩን ዩሱፍ ዲኬችን ማን ይረሳዋል? ፎቶው ስልካችንን ሁሉ አዳርሷል። ሰው ያየው ግድየለሽነት ነው። ፎቶው ያላሳየው የ51 ዓመት ሰው መሆኑንና ከ2008 ጀምሮ በአምስት ኦሊምፒኮች መሳተፉን ነው። ያ እርጋታ በዕለቱ የመጣ አይደለም፤ በብዙ ዓመት ድግግሞሽ የተገዛ ነው።

ወደ ባልቻ እንመለስ፤ እርሳቸውም ዒላማ የሳቱበት ቀን አለና። በ1920 ዓ.ም. ከሲዳሞ ብዙ ሺህ ጦር አስከትለው አዲስ አበባ መጡ። ከራስ ተፈሪ ጋር የነበረው ፍጥጫ የታወቀ ነው። ባልቻ ግብር ላይ ተቀምጠው የግቢውን ሁኔታ በጥርጣሬ ሲቃኙ፣ ከከተማው ዳር የሰፈረውን ጦራቸውን ራስ ካሳ በብርና በማግባባት በተኑት። ሲመለሱ ሰፈሩ ባዶ ነበር። ዓይናቸው ግቢው ላይ ነበር፤ ጨዋታው ግን ሌላ ቦታ ነበር። አልሞ ተኳሽም የጎረቤቱን ዒላማ ሊያይ ይችላል።

ታስረው ተፈቱ፣ ምንኩስናም መረጡ። ጣሊያን ሲመለስ ግን ከሰባ ዓመት ዕድሜያቸው በላይ ሆነው መሣሪያ አነሱ። በ1929 ዓ.ም. የጠላት ጦር በተወለዱበት አገር አገኛቸው። ትጥቅዎን ያስረክቡ ሲባሉ አልቸኮሉም፣ እስኪቀርቧቸው ጠብቀው ተኮሱ፣ እዚያው ወደቁ ተብሎ ይተረካል። የሽማግሌው የመጨረሻ ሥራም ትዕግሥት የሚጠይቅ ነበር። ዛሬ አዲስ አበባ ያለው ሆስፒታል በስማቸው ይጠራል።

እነሆ ታሪኩ ለወልቂጤና ለቡታጅራ ወጣት ምን ይለዋል? አንዷ የጉራጌ ዞን፣ ሌላዋ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ናቸው። የዚያ ወጣት ዒላማ ዛሬ መድፍ የሚተኮስበት ምሽግ አይደለም። ለብዙዎቹ 11 ሜትር ላይ ተቀምጣ የምትጠብቅ ኳስ ናት። ግቡ 7.32 ሜትር ይሰፋል፤ በልምምድ ቀን ማንም ያገባዋል። ሜዳው ሞልቶ፣ ውጤቱ እኩል ሆኖ፣ ሁሉም ዝም ሲል ግን ያው ግብ ይጠብባል።

ያን ጊዜ ከዳር የሚሰማው ምንድን ነው? «ወንድ ሁን!» «እንዳታሳፍረን!» ይህ የፉከራ ቋንቋ ነው። ለገበየሁ ይጠቅም ይሆናል፤ ለመቺው ግን አይጠቅምም። ከሳተ በኋላ ደግሞ «ፈሪ» እንለዋለን። ልጁ ፈሪ አልነበረም፤ ፈሪ ሰው ኳሷን አንስቶ ነጥቧ ላይ አያስቀምጥም። ብዙ ጊዜ የጎደለው ለዚያች ቅጽበት የሚሆን የተለማመደው ሥርዓት ነው። ስንት እርምጃ ወደ ኋላ? የትኛው ማዕዘን? መቼ መተንፈስ? ይህን በልምምድ ሜዳ ደክሞት፣ ጓደኞቹ እየጮሁበት፣ መቶ ጊዜ ያላደረገ ልጅ በውድድር ቀን ወኔ ብቻውን አያድነውም።

በ2012 የውድድር ዘመን ፕሪሚየር ሊግ የገባው ወልቂጤ ከተማ ቅጽል ስሙ «ሠራተኞቹ» ነው። ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝም። ከጫና የሚያወጣው ሥራ ነውና። ጉራጌ በጥረቱ ሲመሰገን የኖረው በሱቁ፣ በእንሰቱና በመንገዱ ነው፤ ያው ጥረት ለመረጋጋትም ይሠራል። እርጋታ ከሰማይ አይወርድም፣ በዘርም አይመጣም። እንደ እንሰት ነው፤ ለዓመታት ተተክሎ፣ ተነቅሎ፣ እንደገና ተተክሎ ነው የሚደርሰው።

አሠልጣኝ፣ መምህር፣ ወላጅ፤ ልጁ ሲስት «ለምን አሳፈርከን?» አትበሉት። መድፈኛ እንደሚጠይቀው ጠይቁት፦ «የት ወደቀች? አጠረች ወይስ ረዘመች?» ቀጥሎም ሌላ አጉርሱት።