ሰርግ የማይቋጨው የፍቅር ኮሜዲ፦ «ክዊን» እና የራኒ ጉዞ

የፍቅር ኮሜዲ፣ ማለትም ፍቅረኞች በሳቅ የተዋዙ እንቅፋቶችን አልፈው በመጨረሻ የሚጣመሩበት የፊልም ዘውግ፣ በህንድ ሲኒማ አብዛኛውን ጊዜ የሚቋጨው በሰርግ ነው። በቪካስ ባል ዳይሬክተርነት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በማርች 2014 በህንድ ለእይታ የበቃው «ክዊን» የተሰኘው የሂንዲ ፊልም ግን ሰርጉን ከመነሻው ላይ አምጥቶ ያፈርሰዋል። ካንጋና ራናውት የምትጫወታት ራኒ የዴልሂ ልጅ ናት፤ ውጭ አገር ኖሮ የተመለሰው እጮኛዋ ቪጄይ ሰርጉ አንድ ቀን ሲቀረው እንደማያገባት ስለነገራት፣ ለጫጉላ ሽርሽር ታስቦ በነበረው ጉዞ ብቻዋን ወደ ፓሪስ፣ ከዚያም ወደ አምስተርዳም ታቀናለች።

ፊልሙን ከብዙ አቻዎቹ የሚያስበልጠው፣ ራስን ማግኘትን በአዲስ ፍቅረኛ ሳይሆን ቪጄይ ሲነፍጋት በኖረው ነገር በኩል ማሳየቱ ነው። በምልሰት፣ ማለትም ታሪኩን ወደ ኋላ በሚወስዱ ትዕይንቶች፣ እጮኛዋ በሰው ፊት መጨፈሯንና ሥራ መያዟን ሲቃወም ይታያል። ፓሪስ ላይ ግን ቦርሳዋን ሊነጥቃት ከመጣው ሌባ ጋር ግብግብ ገጥማ አልለቅም ትላለች፤ በምሽት ክበብም እየጨፈረች ሹራቧን አውልቃ ካሽከረከረችው በኋላ መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ትከተዋለች። ነፃነት ባሰከራት ሰዓት እንኳ ዕቃዋን የማትጥል፣ በቁጥብነት ያደገች ልጅ መሆኗን ይህች አንዲት ድርጊት ከማንኛውም ረጅም ንግግር በላይ ታስረዳለች፤ ራናውት ለዚህ ሚና የህንድን ብሔራዊ የፊልም ሽልማት በምርጥ ተዋናይትነት ማግኘቷም የሚገባ ነው።

በአምስተርዳም ከሦስት የባዕድ አገር ወንዶች ጋር አንድ ክፍል መጋራት መጀመሪያ ቢያስፈራትም ኋላ ወዳጆቿ ይሆናሉ። እዚያው ጎልጋፓ፣ ማለትም በቅመም ውኃ የሚሞላ ቀጭን የተጠበሰ ቂጣ፣ ለገበያ ስታቀርብ ከእናት ቤት ይዛው የወጣችው ሙያ የራሷ ገቢ ምንጭ ሊሆን እንደሚችል ትረዳለች። ፎቶግራፏን አይቶ የተጸጸተው ቪጄይ እስከዚያ ድረስ ተከትሏት ቢመጣም፣ ዴልሂ ስትመለስ ቀለበቱን ታስረክበውና አመስግናው ትሄዳለች።

ፊልሙ የሚሳሳው በሩክሳር ታሪክ ላይ ነው። ቤተሰቧን ለመርዳት በአምስተርዳም ገላዋን የምትሸጠው ይህች ፓኪስታናዊት ለራኒ ወዳጅ ብትሆንም፣ የአንዷን ስደትና የሌላዋን ሽርሽር ጎን ለጎን ያቆመው ታሪክ በሁለቱ መካከል ያለውን የገንዘብና የዕድል ልዩነት ሳይመረምር በፈገግታ ያልፈዋል።