ከሹመት ወደ እርሻ፤ ስለ ብርጋዴር ዳንኤል ሳንፎርድ

የእንግሊዝ መንግሥት ሹም ወደ ሸዋ የገባው በይፋት በር ነው። የቦምቤይ መንግሥት የላከው ካፒቴን ኮርንዋሊስ ሐሪስ በ1833 ዓ.ም. ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ፋሬ ሲደርስ፣ በሩን ይጠብቅ የነበረው የይፋቱ ገዥ ወላስማ ሙሐመድ ነበረ። ሐሪስ ወደ አንኮበር ወጥቶ በ1834 ዓ.ም. ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋራ የንግድ ውል ተዋዋለ፤ ውሉ ፍሬ ሳያፈራ እርሱ ተመለሰና ስላየው አገር ሦስት ቅጽ መጽሐፍ ጻፈ። እንደ እርሱ መጥተው፣ አይተው፣ ጽፈው የሄዱት ብዙዎች ናቸው። ሹመቱን ትቶ በሸዋ ደጋ እርሻ የያዘው ግን ጥቂት ነው፤ ከነዚህም ዋነኛው ዳንኤል ሳንፎርድ ናቸው።

ሳንፎርድ በ1874 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ተወለዱ። በመድፈኛ ጦር መኰንንነት ሠልጥነው በኤደን ሲያገለግሉ፣ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1907 ኢትዮጵያን ለመጀመሪያ ጊዜ ጐበኙ። ከዚያም በሱዳን መንግሥት ሥራና በአዲስ አበባ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን አገለገሉ። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው በአንድ የንግድ ማኅበር ሥራ አስኪያጅነት ቆዩ፤ በ1910ዎቹ ዓመታትም ከአዲስ አበባ በስተሰሜን በሙሎ እርሻ አቋቁመው ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ክርስቲን ጋራ ልጆቻቸውን በዚያ አሳደጉ። የጣልያን ወረራ ሲቃረብ የማጂ ገዥ አማካሪ ነበሩ፤ በ1928 ዓ.ም. ግን እንደ ብዙዎቹ አገሩን ለቀው ሄዱ።

እርሻ ብቻ ቢሆን ኖሮ ታሪካቸው እዚህ ላይ ባበቃ ነበር። ነሐሴ 6 ቀን 1932 ዓ.ም. ግን፣ የኀምሳ ስምንት ዓመት ሰው ሆነው፣ 101ኛው ሚሲዮን የተባለውን ጥቂት ጓድ እየመሩ ከሱዳን ወደ ጎጃም ተሻገሩ። ከንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ከአዛዥ ከበደ ተሰማ ጋራ የሠሩት ሥራ ከጠመንጃ ማደል ይልቅ ማስታረቅ ነበረ፤ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ተስማምተው ጠላትን በአንድነት እንዲወጉ ተደረገ። ጎጃምን የሚያውቅ ሁሉ ይህ እርቅ ምን ያህል ብርቱ ጉዳይ እንደ ነበረ አይስተውም። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ሰንደቅ ዓላማቸውን ሲተክሉ መንገዱ የተጠረገው አስቀድሞ በአርበኞቹ ደም፣ ጥቂትም በዚህ ሥራ ነው።

ከድል በኋላ የመጣው ፈተና ግን በእኔ አስተያየት ከጎጃሙ ይከብዳል። የእንግሊዝ ጦር ኢትዮጵያን ከጠላት እንደ ተያዘ አገር ሊያስተዳድር ተቀመጠ። ንጉሠ ነገሥቱ ግንቦት 3 ቀን 1933 ዓ.ም. ሚኒስትሮቻቸውን ሲሾሙ፣ ከጣልያን ጋራ የሰላም ውል እስኪፈረም ድረስ ሙሉ ሥልጣን የላቸውም ብሎ የተከራከረው የወታደራዊው አስተዳደር ሹም ብርጋዴር ሞሪስ ላሽ ነበረ። ላሽ የወይዘሮ ክርስቲን ወንድም ነው! ሳንፎርድም በዚያው ጊዜ የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ ነበሩ። አማቾቹ ሁለቱ ከአንድ አገር የተላኩ ሲሆኑ በአንድ ዙፋን ጉዳይ በግራና በቀኝ ቆሙ። ነገሩ ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. በተፈረመው ስምምነት በመጠኑ ረገበ። ሳንፎርድ ከዚያ በኋላ በአገር ግዛት ሚኒስቴር፣ ቀጥሎም በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ካገለገሉ በኋላ ወደ ሙሎ ተመለሱ።

በሙሎ የነበራቸው ይዞታ የሚያሳየው ሌላም ነገር አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ390ኛው አንቀጽ፣ የውጭ አገር ሰው ንጉሠ ነገሥቱ ካላዘዙለት በቀር የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን ከለከለ። እንዲህ ያለው ርስት ከአባት የወረደ አይደለም፤ በንጉሥ በጎ ፈቃድ የቆመ ነው፤ ከፈቃዱ ጋራም ይወድቃል። በዙሪያው ያለው ጭሰኛ ደግሞ አራሽ እንጂ ባለቤት አልነበረም፤ ይህን ሳያነሡ የባዕዱን ገበሬ ትጋት ብቻ ማመስገን ጉድለት ነው።

ሳንፎርድ በጥር ወር 1964 ዓ.ም. ዐረፉ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው አዋጅ የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ንብረት ሆነ፤ የአገሬውም የባዕዱም ርስት በአንድ ቀን ቀረ። ወይዘሮ ክርስቲን በአዲስ አበባ ያቋቋሙት ትምህርት ቤት ግን እስከ ዛሬ ሳንፎርድ ተብሎ ይጠራል።