የጉዞ መምሪያ መጽሐፍ፤ ታሪኩና አመራረጡ

ለሥራ ጉብኝት፣ ለትምህርት ወይም ለስብሰባ ወደ ውጭ አገር የሚላክ ባለሙያ ፓስፖርቱን፣ ቪዛውንና የአውሮፕላን ቲኬቱን ካዘጋጀ በኋላ የሚቀረው ጉዳይ ቀላል ይመስላል፤ ይኸውም ስለሚሄድበት አገር የሚነግረው አንድ መጽሐፍ መምረጥ ነው። በመጻሕፍት መሸጫው መደርደሪያ ላይ ግን ስለ አንድ ከተማ ብቻ የተጻፉ አምስትና ስድስት የጉዞ መምሪያዎች ተደርድረው ይገኛሉ። ሁሉም ሥዕል አላቸው፤ ሁሉም ካርታ አላቸው፤ ሁሉም በሽፋናቸው ላይ ራሳቸውን ያመሰግናሉ። አንድ የውሃ መሳቢያ ሞተር ለመግዛት ዝርዝር መግለጫ የሚጠይቅና ዋጋ የሚያወዳድር መሐንዲስ፣ እዚህ ላይ ሲደርስ ሽፋኑን አይቶ ይገዛል። ይህ የሚሆነው ለመጽሐፉ መመዘኛ ስለሌለ አይደለም፤ መመዘኛው በራሱ በመምሪያው ታሪክ ውስጥ ተሰውሮ ስለሚኖር ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ ታሪኩን ከሥሩ መመልከት ይበጃል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት፣ ዓ.ም. ከተባለው በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መንገዱን የረገጠ ምስክር

ከክርስቶስ ልደት በኋላ በሁለተኛው መቶ ዓመት የኖረው ጳውሳንያስ፣ የግሪክን ቤተ መቅደሶች፣ ሐውልቶችና መቃብሮች እየዞረ ከተመለከተ በኋላ ሥራውን በዐሥር መጻሕፍት ከፍሎ ጻፈ። የጽሑፉ ጥንካሬ በቃላት ውበት ሳይሆን፣ ያየውንና የየአገሩ ሰው የነገረውን በየቦታው ተራ በማስፈሩ ነው። ከ1,700 ዓመታት ገደማ በኋላ፣ በ1876፣ ጀርመናዊው ሃይንሪሽ ሽሊማን በሚኬኔ ቁፋሮ ሲያካሂድ ይህንኑ ጥንታዊ መምሪያ በመከተል የነገሥታቱን መቃብር ከግንቡ ውስጥ ፈለገ፤ በወርቅ የበለጸጉ መቃብሮችም አገኘ። መቃብሮቹ ሽሊማን እንደ ገመተው የንጉሥ አጋሜምኖን አልነበሩም፤ ዘመናቸው እጅግ የቀደመ መሆኑ በኋላ ታውቋል። ተርጓሚው ቢሳሳትም መንገድ ጠቋሚው ግን አላሳሳተም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ኢትዮጵያውያንም ድርሻ አላቸው። በ1519ና በ1524 መካከል አሌሳንድሮ ዞርዚ የተባለ የቬኒስ ሰው፣ ኢየሩሳሌምን ተሳልመው እስከ ኢጣልያ የዘለቁ ኢትዮጵያውያን መነኰሳትን እየጠየቀ የጉዟቸውን መሥመር መዘገበ። ከየት ተነሥቶ የት ለመድረስ ስንት ቀን እንደሚወስድ፣ በመካከሉም የትኛው ከተማና የትኛው ወንዝ እንደሚገኝ በቃላቸው ነገሩት፤ እርሱም ጻፈው። እነዚህ መዝገቦች በ1958 በእንግሊዛዊው ኦ. ጂ. ኤስ. ክሮፎርድ አዘጋጅነት ታትመዋል። የመነኰሳቱ መለኪያ የቀን ጉዞ ነበር። ይህ መለኪያ ለካርታ ሠሪ ቢያስቸግርም ለእግረኛ ግን ከርዝመት ልክ ይልቅ ይጠቅመዋል፤ ዳገቱም፣ ቁልቁለቱም፣ የወንዙ መሻገሪያም በቀኑ ቍጥር ውስጥ ተቈጥሯልና። ከዚህ የምንረዳው የመጀመሪያው መመዘኛ፣ መምሪያውን የጻፈው ሰው መንገዱን ረግጦታል ወይ? የሚለው ነው።

የእንፋሎቱ ዘመንና ቀዩ መጽሐፍ

የዛሬው ዐይነት መምሪያ የተወለደው ከእንፋሎት ሞተር ጋር ነው። በ1827 በራይን ወንዝ ላይ በኮሎኝና በማይንዝ መካከል የእንፋሎት መርከብ የዘወትር አገልግሎት ጀመረ፤ በ1830 ደግሞ የሊቨርፑልና የማንቸስተር የባቡር ሐዲድ ተከፈተ። ቀድሞ ባለጸጋው በራሱ ሠረገላ፣ በአስጐብኚና በአሽከር ይጓዝ ነበር። አሁን ግን መምህሩ፣ ሐኪሙና ነጋዴው አጭር ፈቃዱንና የተቈጠረ ገንዘቡን ይዞ ተነሣ። ለዚህ ሰው የሚያስፈልገው የመርከቡ ሰዓት፣ የማደሪያው ዋጋና በሁለት ቀን ውስጥ የግድ መታየት ያለበት ነገር ነበር።

እንግሊዛዊቷ ማሪያና ስታርክ በ1820 ባወጣችው መጽሐፍ የሥነ ጥበብ ሥራዎችን ብልጫ በትእምርተ አንክሮ (!) ብዛት ስታመለክት፣ ዋጋና ማደሪያንም አብራ ጠቅሳለች። ጆን ማሪ የተባለው የለንደን አሳታሚ በ1836 ስለ ሰሜን አውሮፓና ስለ ራይን አካባቢ የመጀመሪያውን የመንገደኞች መምሪያ አወጣ። በጀርመን ደግሞ በ1827 በኮብሌንዝ ከተማ ማተሚያና መጻሕፍት መሸጫ ያቋቋመው ካርል ቤዴከር፣ ስለ ራይን ጉዞ ቀደም ሲል በ1828 ታትሞ የነበረን የሌላ ሰው መጽሐፍ መብቱን አግኝቶ በ1835 አሻሽሎ አወጣው። ከማሪም ብዙ መማሩን አልሸሸገም። ሊታዩ የሚገባቸውን ነገሮች በኮከብ ምልክት የመለየት ልማድ የተስፋፋው በዚህ ሰው እጅ ሲሆን፣ ቀዩ ሽፋንም የአሳታሚው መታወቂያ ሆነ።

ስለ ቤዴከር የሚተረክ አንድ ነገር አለ። የሚላኖን ካቴድራል ደረጃ ሲወጣ በየሃያው ደረጃ ቆም እያለ አንዲት የአተር ፍሬ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ያዛውር ነበር ይባላል። ሲወርድም በዚያው ዐይነት ቈጥሮ አረጋገጠ። ይህ ለመሐንዲስ ባዕድ አይደለም፤ የከፍታ ልኬት በአንድ አቅጣጫ ተወስዶ አያበቃም፣ ተመልሶ መዘጋት አለበት። ቤዴከር በ1859 ከሞተ በኋላም ልጆቹ መጽሐፎቹን በየጥቂት ዓመታት እያረሙ አሳተሙ። ሁለተኛው መመዘኛ ከዚህ ይገኛል፤ ጥሩ መምሪያ አንድ ጊዜ ተጽፎ የሚቀር ሳይሆን በየጊዜው በቦታው ላይ እየተፈተነ የሚታረም ነው።

ማን ከፈለበት?

የቤዴከር መምሪያዎች ማስታወቂያ አይቀበሉም ነበር፤ የሆቴል ባለቤትም መመስገንን በገንዘብ ሊገዛ እንደማይችል በመቅድማቸው ያስጠነቅቁ ነበር። የፈረንሳዩ የሚሽላን ኩባንያ ግን በሌላ መንገድ ተነሣ። የመኪና ጎማ የሚሠሩት ወንድማማቾች አንድሬና ኤድዋር ሚሽላን በ1900 ጎማ አለዋወጥን፣ የመካኒክ ቤቶችንና ሆቴሎችን የሚያመለክት መጽሐፍ በነጻ አደሉ። ዓላማቸው ግልጽ ነበር፤ ባለመኪናው ብዙ ከተጓዘ ጎማው ቶሎ ያልቃል። ሆኖም አንድሬ ሚሽላን አንድ ቀን መጽሐፎቹ በአንድ የጎማ ሱቅ ውስጥ ለሥራ ጠረጴዛ መደገፊያ ሆነው እንዳገኛቸው ይተረካል። በ1920 መጽሐፉ ዋጋ ወጣለት፤ ማስታወቂያውም ተነሣ። የምግብ ቤቶች ኮከብም በ1926 ጀመረ።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት፣ የንግድ ዓላማ ያለው መምሪያ ሁሉ ውሸት ነው ማለት አይደለም። መረጃው ለአንባቢው የሚታመነው የሚከፍለው አንባቢው ራሱ ሲሆን ነው ማለት ነው። ከፋዩ ባለሆቴሉ፣ የአየር መንገዱ ወይም መንግሥት ከሆነ፣ አንባቢው የሚያነበው ምስክርነት ሳይሆን ጥብቅና ሊሆን ይችላል።

መምሪያው ለጦርነት ሲውል

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የመምሪያን ኃይል በክፉም በበጎም አሳየ። በመጋቢት 1942 የእንግሊዝ አውሮፕላኖች የሉቤክን ከተማ ከደበደቡ በኋላ ጀርመኖች በኤክሰተር፣ በባዝ፣ በኖሪች፣ በዮርክና በካንተርቤሪ ላይ ቦምብ ጣሉ። አንድ የጀርመን ቃል አቀባይ በቤዴከር ላይ ኮከብ ያለው ሕንፃ ሁሉ እንደሚመታ በመናገሩ፣ ድብደባው እስከ ዛሬ «የቤዴከር ድብደባ» ይባላል። ከ1,600 በላይ ሰላማዊ ሰዎች ሞቱበት። በ1943 ደግሞ በዚያው አሳታሚ ስም ስለ ተያዘችው ፖላንድ መምሪያ ታተመ፤ የአገሩ ሕዝብ፣ በተለይም አይሁድ፣ በሚጨፈጨፉበት ምድር ላይ መንገደኛው ሆቴልና ሙዚየም እንዲመርጥ ተጋበዘ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ላይፕዚግ ስትደበደብ የአሳታሚው ቤትና መዛግብት ተቃጠሉ። በአንጻሩ በ1939 የታተመው የሚሽላን መምሪያ የከተማ ካርታዎቹ ትክክል ስለ ነበሩ፣ በ1944 ለኖርማንዲ ዘመቻ በዋሽንግተን እንደ ገና ታትሞ ለተባባሪዎቹ ጦር መኰንኖች ተሰጠ። የካርታ ትክክለኛነት የሚያገለግለው የያዘውን እጅ ነው።

ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈው መምሪያ

ይህ ነገር ኢትዮጵያንም ነክቷታል። በ1894 በሚላኖ በብስክሌት ጋላቢዎች የተመሠረተው የኢጣልያ የጉዞ ማኅበር፣ በ1937 እንግሊዝኛ ቃል የነበረበትን ስሙን በፋሽስቱ አገዛዝ ዘመን እንዲለውጥ ተገደደ። በ1938 ይኸው ማኅበር ስለ «ኢጣልያ ምሥራቅ አፍሪካ» ማለትም ስለ ኤርትራ፣ ስለ ኢትዮጵያና ስለ ሶማሊያ አንድ ወፍራም መምሪያ አሳተመ። በሥራው ጥራት ብቻ ከተመዘነ መጽሐፉ የሚናቅ አይደለም፤ መንገዶችን በየመሥመሩ ከነርቀታቸው ይዘረዝራል፤ ካርታና የከተማ ፕላን አለው፤ የኢትዮጵያን የቦታ ስሞችና የከተሞች ታሪክ የሚያጠኑ ሊቃውንትም እስከ ዛሬ ይጠቅሱታል።

ነገር ግን መጽሐፉ ከሽፋኑ ይጀምራል። የኢትዮጵያ ስም በሌላ ስም ሥር ተውጦ ቀርቧል። መጽሐፉ የታተመው የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው እልቂት ከተፈጸመ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ነው። በዚያን ጊዜ አርበኞች በሸዋ፣ በጎጃምና በቤጌምድር ይዋጉ ነበር። በካርታው ላይ በቀጭን መሥመር የተሰመረው መንገድ ለአንዱ የሽርሽር መንገድ፣ ለሌላው ግን የጦር መንገድ ነበር። ሦስት ዓመት ሳይቈይ፣ በ1941፣ አገሪቱ ነጻ ወጣች፤ የመምሪያው አርእስትም ከእውነት ተለየ። ርቀቱ በወረቀት ላይ ሳይለወጥ ሲቀር መንገዶቹ ግን በጥገና እጦት ተጐዱ፤ እነርሱን ለማደስና ለማስፋፋት በ1951 የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን መቋቋም ግድ ሆነ። እንግዲህ አንድ መምሪያ በቍጥር ትክክል ሆኖ በፍሬ ነገሩ ሊያሳስት ይችላል። ሦስተኛው መመዘኛ ይህ ነው፤ መጽሐፉ የአገሩን ሰው እንዴት ያየዋል? የመልክዐ ምድሩ ጌጥ አድርጎ ነው ወይስ የቤቱ ባለቤት?

እንዴት ይመረጥ?

ከዚህ ሁሉ በኋላ በመደርደሪያው ፊት የቆመው ባለሙያ ከሽፋኑ ይልቅ የኅትመቱን ገጽ ይግለጥ። የታረመበት ዓመት የት አለ? ለዚህ የአክሱም ሐውልት ጥሩ ማስረጃ ነው። 24 ሜትር ያህል የሚረዝመው ሐውልት በ1937 ወደ ሮማ ተወስዶ ተተከለ፤ በ1947 የሰላም ውል እንዲመለስ ቢወሰንም እስከ 2003 ድረስ ሳይነቀል ቆየ። በ2005 በሦስት ቁራጭ በአውሮፕላን ተመልሶ በ2008 በአክሱም ቆመ። ከ2003 በፊት የታተመ የሮማ መምሪያ የያዘ መንገደኛ በባዶ አደባባይ ላይ ሐውልት ይፈልጋል፤ የአክሱም አሮጌ መምሪያ የያዘውም በፊቱ የቆመውን ሐውልት ስም ያጣል።

ቀጥሎ አንድ ምዕራፍ ብቻ ይሞክር፤ የሚቻል ከሆነም ቀድሞ ስለሚያውቀው ከተማ የተጻፈውን ያንብብ። ስለ አዲስ አበባ የሚናገረው ከተሳሳተ ስለ ቪየና የሚናገረውን ለማመን ምን ምክንያት አለ? ካርታው መስፈርት አለው? ርቀቱ በኪሎ ሜትር ብቻ ነው ወይስ የሚፈጀውም ጊዜ ተጽፏል? ጸሐፊዎቹ ተጠቅሰዋል? ማስታወቂያና ምክር ተለይተው ታትመዋል? ለየትኛው ቦርሳ ተጻፈ? በትንሽ አበል የሚኖር ተማሪና የመሥሪያ ቤቱ ሆቴል የሚከፍልለት ኃላፊ አንድ መጽሐፍ አይበቃቸውም። በእጅ ስልክ የሚገኘው የዛሬው ምክርም ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም፤ ኮከቡን የሰጠው ማን እንደ ሆነ፣ ቦታውንም ረግጦት እንደ ሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በመጨረሻም መምሪያው መሪ እንጂ ዐይን አለመሆኑን ማስታወስ ይገባል። ጳውሳንያስ ያየውን፣ መነኰሳቱ የሄዱበትን፣ ቤዴከርም የቈጠረውን ጽፈዋል፤ ከእነርሱ በኋላ የሚሄድ ሰው ደግሞ ያዩትን እንደ ገና ይፈትናል። ስለዚህ የሄደው ባለሙያ በመጽሐፉ ኅዳግ ላይ የተለወጠውን ዋጋ፣ የተዘጋውን መንገድና ያልተጻፈውን የአገሬው ሰው ቃል እያሰፈረ ተመልሶ መጽሐፉን ለሚቀጥለው ባልደረባው ቢያስረክብ፣ ከመደርደሪያ ከሚገዛው ሁሉ የሚሻለውን መምሪያ ሰጠው ማለት ነው።