አሮጌው ፒክ አፕና የድንበሩ ጋራዥ

በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ዙሪያ በተዘረጋው ሜዳ ላይ ክረምት ሲገባ መንገድ ይጠፋል። የአካባቢው ጥቁር ዋልካ አፈር በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ ዝናብ ሲያገኝ ደግሞ አብጦና ተለውሶ ጎማ ይውጣል። አስፋልቱን ለቆ ወደ እርሻ፣ ወደ መንደር ወይም ወደ ስደተኞች መጠለያ ለሚዘልቅ ሰው በእነዚያ ወራት ያለው አማራጭ ጥቂት ነው፦ አህያ፣ ትራክተር፣ አለዚያም አራቱም ጎማዎቹ በሞተር የሚነዱ፣ የጋራዥ ሰዎች «ባለ ሁለት ዲፈረንሻል» የሚሉት መኪና።

በ1976 («ዓ.ም.» ከተባለው በቀር በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተመሠረተው የኡም ጋርጉር መጠለያ በዚሁ ሜዳ ላይ ይገኛል። ነዋሪዎቹ በአብዛኛው ኤርትራውያን ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል በዚያው ተወልደው፣ አድገውና ወልደው የሚኖሩ አሉ። እንዲህ ባለ ስፍራ ፒክ አፕ መኪና ሕመምተኛን ወደ ሐኪም ቤት፣ ማሽላንና ሰሊጥን ወደ ገበያ፣ ሙሽራንም ወደ ሠርግ የሚያደርስ የጋራ ንብረት ያህል ነው። በመሆኑም ቢያረጅ አይጣልም፤ ቢሰበር ይበየዳል፤ ሞተሩ ቢሞት ሌላ ሞተር ይተከልበታል። በሀብታም አገሮች አሮጌ መኪናን በግቢ ውስጥ ፈትቶ መሥራት የቅዳሜና የእሑድ መዝናኛ ሲሆን፣ በገዳሪፍ ዙሪያ ግን መተዳደሪያ ነው። ይህ ሙያ የራሱ ታሪክ አለው፤ ሆኖም ታሪኩ በመጽሐፍ ሳይሆን በብረት ላይ የተጻፈ በመሆኑ ተመልካቹ ጥቂት ነው።

ግመል፣ ባቡርና ሞተር

የሞተር ተሽከርካሪ ወደ ምሥራቅ ሱዳን ከመዝለቁ በፊት ጭነት የግመልና የባቡር ድርሻ ነበር። የባቡር ሐዲዱ ከሰላን በ1924 ነካ፤ ቀጥሎም በገዳሪፍ በኩል አልፎ በ1929 ከሰናር ጋር ተገናኘ። ከሐዲዱ ወጣ ያለው ሁሉ ግን በግመል እጅ ቀረ።

መኪናን ለዚህ ምድር አስተካክሎ መሥራት በጀማሪነት ከሚነሡት ሰዎች መካከል እንግሊዛዊው የጦር መኮንን ራልፍ ባግኖልድ ይገኝበታል። ባግኖልድ በ1920ዎቹ መጨረሻና በ1930ዎቹ የግብፅንና የሱዳንን በረሃ በፎርድ መኪኖች ሲያስስ፣ ክብደት ለመቀነስ አላስፈላጊውን ሁሉ ከላያቸው አስወገደ፤ ከራዲያተሩ የሚወጣው እንፋሎት በከንቱ እንዳይባክን በቱቦ ወደ ውሃ መያዣ አስገብቶ እንዲቀዘቅዝና ተመልሶ እንዲሳብ አደረገ። አሸዋ ላይ የሚነጠፉ የብረት ሰሌዳዎችንም ይዞ ይጓዝ ነበር። ፋብሪካ የሠራው መኪና ለመንገዱ እንደማይበቃና መንገዱ ራሱ መኪናውን እንደሚያሠራ የገባው ሰው ነበር።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በዚህ ድንበር ሁለቱንም የመጓጓዣ ዘመናት ጎን ለጎን አሳየ። በ1940 መጨረሻና በ1941 መጀመሪያ ላይ በከሰላ ግንባር የሱዳን መከላከያ ኃይል መትረየስ የጫኑ ቀላል መኪኖችን አሰልፎ ሲዋጋ፣ ከዚያ በስተደቡብ ጃንሆይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ድንበር ተሻግረው ወደ ጎጃም ሲያመሩ የጦሩ ዋነኛ አጓጓዥ ግመል ነበር። ከእነዚያ በሺህ ከሚቆጠሩ ግመሎች አብዛኞቹ በመንገድ አልቀዋል።

በዚያው ጦርነት ወቅት፣ በ1944 እና 1945 የእርሻ ዘመን፣ የእንግሊዝ አስተዳደር ለሠራዊቱ እህል ለማምረት በገዳሪፍ አካባቢ በትራክተር ማረስ ጀመረ። ይህ ውሳኔ ለጋራዥ ታሪክም ትልቅ ትርጉም አለው። ትራክተር በገባበት ሁሉ ብየዳ፣ ዘይት፣ መፍቻና መካኒክ ተከትለው ይገባሉና ገዳሪፍ የማሽላና የሰሊጥ ከተማ ስትሆን የጥገና ከተማም ሆነች።

«ሲፊንጃ»፦ ከእንግሊዝ የመጣ፣ በሱዳን የተሠራ

ከጦርነቱ በኋላ የሱዳንን መንገድ የገዛው ቤድፎርድ የተባለው የእንግሊዝ የጭነት መኪና ነው። ሱዳናውያን ከ1958 ጀምሮ የወጣውን ሞዴል «ሲፊንጃ» ብለው ሰየሙት፤ ቃሉ ነጠላ ጫማ ማለት ነው። ይህን መኪና ያጠኑት ጀርመናዊው የሥነ ሰብእ ምሁር ኩርት ቤክ በ2009 ባሳተሙት ጽሑፍ እንዳሳዩት፣ ከውጭ የመጣ ቤድፎርድ እንዳለ ወደ ሥራ አይገባም ነበር። አስቀድሞ ወደ አንጥረኞችና ወደ በያጆች ሰፈር ይሄዳል፤ ሻንሲው ይጠናከራል፤ ባሌስትራው ይደረባል፤ የጭነት ሣጥኑ እንደ አገሩ ጭነት እንደገና ይሠራል። በዚያው ዓመት ቫለሪ ሄንሽ የተባለች ጀርመናዊት ስለዚሁ መኪና ዘጋቢ ፊልም ሠርታለች።

ከዚህ የሚገኘው ቁም ነገር ግልጽ ነው። ዛሬ በገዳሪፍ ዙሪያ የሚታየው የፒክ አፕ ማሻሻያ ከባዶ የተነሣ ብልሃት አይደለም፤ በቤድፎርድ ላይ የተማረ እጅ ወደ ትንሹ መኪና የተሻገረበት ነው።

ከስደተኛው ጋር የተሰደደ ቋንቋ

ለዚህ ሙያ ሌላ ምንጭም አለው። ከ1967 ጀምሮ ኤርትራውያን፣ ከዚያም በ1970ዎቹ ሌሎች ኢትዮጵያውያን ወደ ሱዳን በገፍ ሲሰደዱ በመካከላቸው ሾፌሮች፣ በያጆችና መካኒኮች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ያደጉት በሌላ የጋራዥ ትምህርት ቤት ነው፤ በጣሊያን። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ካንዴላ፣ ሞተሪኖ፣ ኮፋኖ፣ ፓራፋንጎ የሚሉት ቃላት በአማርኛም በትግርኛም ተናጋሪ መካኒክ አፍ ላይ ያሉት ከዚያ ዘመን ጀምሮ ነው። በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ ለረጅም ዓመታት ተሳቢ እየጎተተ የኖረው «ኤንትሬ» የሚባለው ፊያትም የዚሁ ትምህርት ቤት ዋና መማሪያ ነበር።

አሮጌ ብረትን እንደ አዲስ ማየትም ልማዳቸው ነው። በአስመራ መደበር የተባለው ሰፈር በርሜልን፣ ቆርቆሮንና የተጣለ ብረትን ቀጥቅጦ ለሌላ አገልግሎት በማዋል የታወቀ ነው። በአዲስ አበባ መርካቶ ሶማሌ ተራ የፈረሰ መኪና ዕቃ ተለቅሞ ለሚነዳ መኪና የሚሸጥበት ቦታ ነው። ስደተኛው መካኒክ መሣሪያውን ትቶ ቢመጣም ይህን አስተያየት ይዞት መጣ። በገዳሪፍ ከሱዳናዊው አንጥረኛ ጋር ሲገናኝ አንዱ በጣሊያንኛ ሌላው በዓረብኛ የሚጠሩት ዕቃ አንድ ሆኖ ተገኘ።

ሌሊት የሚሠራ ሥራ

በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የጃፓን ፒክ አፖች ወደ ምሥራቅ ሱዳን በብዛት ገቡ። ቶዮታ ሃይሉክስ የወጣው በ1968 ሲሆን አራቱም ጎማዎቹ የሚነዱለት በ1979 ነው፤ የላንድ ክሩዘር 70 ተከታታይ ሞዴሎች ደግሞ በ1984 መጨረሻ ወጡ። ካርቱምን ከፖርት ሱዳን በገዳሪፍና በከሰላ በኩል የሚያገናኘው አስፋልት በ1980 ሲጠናቀቅ፣ ሱዳናውያን «ቦክሲ» የሚሉት ባለ አግዳሚ ወንበር ፒክ አፕ ከአስፋልቱ ወደ ገጠሩ የሚወስደውን ሕዝብ የሚያጓጉዝ ሆነ።

በዚያው ዘመን የድንበሩ ጋራዥ ከባዱን ፈተና ተፈተነ። ከ1981 ጀምሮ በካርቱም የተቋቋመው የአብያተ ክርስቲያናት የእርዳታ ማስተባበሪያ ለኤርትራና ለትግራይ ሲቪሎች እህል በከሰላና በገዳሪፍ በኩል ድንበር አሻግሮ ይልክ ነበር። እህሉን የሚያጓጉዙት የኤርትራ መረዳጃ ማኅበርና የትግራይ መረዳጃ ማኅበር ነበሩ። የኢትዮጵያ አየር ኃይል ጄቶች ቀን ቀን መንገዱን ስለሚያጠቁ ጉዞው የሌሊት፣ ጥገናውም እንደዚያው ነበር፤ ከንጋት በፊት መኪናው ከዛፍ ሥር ተሸሽጎ መገኘት ነበረበት። በ1984 እና 1985 ረኃብ ወደ ሁለት መቶ ሺህ የሚጠጉ የትግራይ ሰዎች ወደ ምሥራቅ ሱዳን ሲሻገሩ፣ የመለዋወጫ እጥረት የሰው ሕይወት የሚያሳጣ ጉዳይ ሆነ። አንድ ፍሪሲዮን ሲቃጠል አንድ ጭነት እህል ይቀራልና።

መኪናው እንዴት ዳግም ይወለዳል?

አሮጌ ፒክ አፕ በግቢ ውስጥ ሊሠራ የሚችለው በአሠራሩ ምክንያት ነው። መሠረቱ እንደ መሰላል በሁለት ረጃጅም ብረቶች የተዘረጋ ሻንሲ ነው፤ አካሉ ከላይ በብሎን ይታሰራል። ስለዚህ ካቢናውን፣ የጭነት ሣጥኑንና ሞተሩን ለየብቻ አንሥቶ ሻንሲውን ራቁቱን ማስቀረት ይቻላል። የድሮው የናፍጣ ሞተር ፖምፓ ደግሞ በኮምፒዩተር ሳይሆን በጥርስና በሞላ የሚሠራ በመሆኑ በሰው ዓይንና ጆሮ ይመረመራል።

ሥራው የሚጀምረው ከሻንሲው ነው። ቀለምና ጭቃው ተፍቆ ስንጥቅ ይፈለጋል፤ በተለይም ባሌስትራ የሚታሰርበት ቦታ ላይ። ስንጥቁ ጫፉ ላይ ተበስቶ እንዳይራዘም ይደረግና ከተበየደ በኋላ ብረት ይለበጥበታል። የደከመ ባሌስትራ በፍም ግሎ በመዶሻ ወደ ጉብጠቱ ይመለሳል፤ አለዚያም ከጭነት መኪና የተገኘ ቅጠል ተቆርጦ ይጨመርለታል። ቤንዚን የሚያነደው ሞተር ተነሥቶ ናፍጣ ሲተከል የሞተሩ ማሰሪያ በአዲስ ቦታ ይበየዳል፤ ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘው ብረትም ቶርኖ ባለበት በከተማ ተስተካክሎ ይመጣል። የሲሊንደር ማስፋትና የቴስታታ ማስተካከል በግቢ የማይሠሩ በመሆናቸው ለእነርሱም ወደ ከተማ መሄድ ግድ ነው። ጓርኒሲዮን ከወፍራም ካርቶን፣ ላስቲክም ከካመራዳሪ ይቆረጣል። በመጨረሻ የጭነት ሣጥኑ በብረት ዘንግ ዙሪያውን ይታጠራል፤ አግዳሚ ወንበርና ሸራ ይጨመርለታል።

የዚህ ሙያ ሊቃውንት ግን ማሻሻል ዋጋ እንደሚያስከፍል ያውቃሉ። ባሌስትራ የተደረበለት መኪና ብዙ ይሸከማል፤ ፍሬኑ ግን ለቀድሞው ክብደት የተሠራ ነው። ከመጠን በላይ ከፍ ያለ መኪና ጭቃ ቢሻገርም ኩርባ ላይ ይገለበጣል። በገጠር መንገድ ላይ ከሣጥኑ ጠርዝ ላይ የተንጠለጠሉ ተሳፋሪዎችን ያሳጡን አደጋዎች ለሙያው ነቀፋ ሆነው ይኖራሉ።

መንገድ የተነፈገ፣ መንገደኛ የሚያደርስ

የዚህ ታሪክ ከባዱ ቁም ነገር በሕግ ላይ ነው። ሱዳን በ1974 የዓለም አቀፉን የስደተኞች ስምምነት ስትቀበል በነጻ መንቀሳቀስን የሚመለከተውን አንቀጽ 26 አልቀበልም ብላ ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው የአገሪቱ የጥገኝነት ሕግም ስደተኛው ያለ ፈቃድ ከተመደበለት ስፍራ እንዳይወጣ ደነገገ፤ በ2014 የተተካው ሕግም የመንቀሳቀስ ፈቃድን ግዴታ አላስቀረም። በመሆኑም በመጠለያ የሚኖረው መካኒክ የሌላውን ሰው መኪና ለረጅም ጉዞ ያበቃል፤ እርሱ ግን በዚያው መኪና ከኬላው ለማለፍ ወረቀት ያስፈልገዋል። ለሃምሳ ዓመታት ያህል በኡም ጋርጉር የኖረ ትውልድ ይህን ተቃርኖ ከማንም በላይ ያውቀዋል።

ሌላም ሐዘን አለ። ያው ጠንካራ ሻንሲ፣ ያው ጭነት ሣጥን ለእህልም ለመሣሪያም ይሆናል። በ1987 ቻድ ሊቢያን የወጋችው በቶዮታዎች ላይ ሚሳይል ጭና ነበርና ውጊያው «የቶዮታ ጦርነት» ተባለ። በሱዳን በሚያዝያ 2023 የተቀሰቀሰው ጦርነትም ዋነኛ ምስሉ መትረየስ የተተከለበት ፒክ አፕ ነው። ጦርነቱ ካርቱምንና ጀዚራን ሲያወድም ገዳሪፍ የተፈናቃዮች መጠጊያ ሆናለች። በ2020 መጨረሻ ከትግራይ የሸሹ ስደተኞችን በኡም ራኩባና በቱናይድባ ተቀብላ የነበረችው ምድር አሁን የራሷን ልጆች ታስጠጋለች። በየጊዜው ሰውን ከድንበርና ከአስፋልት አንሥቶ እስከ መጠለያው ካደረሱት መካከል ደግሞ እነዚያው የተጠጋገኑ ፒክ አፖች ይገኛሉ።

አንድ እንዲህ ያለ መኪና ተፈትቶ ቢታይ ሻንሲው ከጃፓን፣ የተደረበው ባሌስትራ ከእንግሊዝ ቤድፎርድ፣ የዕቃዎቹ ስም ከጣሊያን፣ ብየዳው ከአስመራ ወይም ከጎንደር ሰው እጅ፣ ሣጥኑም ከገዳሪፍ አንጥረኛ ሊሆን ይችላል። የአካባቢው የመቶ ዓመት ታሪክ በአንድ መኪና ላይ ተሰብስቧል ማለት ነው። ይህን የሚያነቡት አረጋውያን መካኒኮች ግን ቁጥራቸው እየቀነሰ ነው፤ የሚያውቁትን የተማሩት በመጽሐፍ ሳይሆን መፍቻ እያቀበሉ ነውና። የድንበሩን ታሪክ የሚጽፍ ሰው መዛግብትን ካገላበጠ በኋላ በኒም ዛፍ ጥላ ሥር፣ ክሪክ ላይ በቆመ አሮጌ ፒክ አፕ አጠገብ ቁጭ ብሎ ቢያዳምጥ መዛግብቱ ያልያዙትን ያገኛል።