የሥጋ ደዌ የመሰለው የፊት ሕመም፦ የቁንጭር ታሪክ ከዘነበወርቅ እስከ ወለጋ

በፊት ላይ ወጥቶ ለዓመታት የሚቆይ የቆዳ ሕመም ታማሚውን ከሥቃዩ ይልቅ በስሙ ያስጨንቀዋል። በደጋማው ኢትዮጵያ ከእነዚህ ሕመሞች አንዱ ቁንጭር ሲሆን፣ ለረጅም ጊዜ ከሥጋ ደዌ ጋር ሲምታታ ኖሯል።

እ.ኤ.አ. በ1960 ባልዘር፣ ዴስቶምብ፣ ሻለርና ሴሪዬ በኢትዮጵያ ያዩትን ሕመም «የሥጋ ደዌ መሰል የቆዳ ሌሽማንያ» ሲሉ መሰየማቸው የመመሳሰሉን መጠን ያመለክታል። በ1969 እና በ1970 ዶክተር አንቶኒ ብራይስሰን ባሳተሟቸው ተከታታይ ጽሑፎች፣ ቁስል ሳይፈጥር በፊትና በእጅ እግር ላይ የሚሰራጨው ዓይነት የሰውነት መከላከያ ለጥገኛው ምላሽ ከመንፈጉ ጋር የተያያዘ መሆኑን አብራሩ፤ ለአንቲሞኒ መድኃኒቶች እምብዛም የማይመለሰውም በፔንታሚዲን መሻል እንደሚችል አሳዩ።

በዚያው በ1969 አክሊሉ ለማና ባልደረቦቻቸው በደጋው ስላለው የበሽታው ስርጭት የመጀመሪያ ጥናታቸውን አሳተሙ። በእነዚያ ዓመታት ከተጠኑት ሥፍራዎች መካከል የወሎው ኩታበር፣ የጋሞው ኦቾሎና የወለጋው አለኩ ይገኙበታል። በ1973 አሽፎርድና ባልደረቦቹ ሽኮኮ የጥገኛው ማደሪያ፣ የአሸዋ ዝንብም አስተላላፊ መሆኗን ሲያረጋግጡ፣ ጥገኛው «ሌሽማንያ ኢትዮፒካ» የሚል ስያሜ ያገኘው በዚሁ ዓመት ነው። በሽታው ከርግማንም ሆነ ከዘር የሚመጣ ሳይሆን፣ ከመኖሪያ አካባቢ የሚመነጭ መሆኑ በዚህ ታወቀ።

ይህ ታሪክ ዛሬ በነቀምት፣ በጊምቢና በደምቢዶሎ ለሚያገለግል የጤና ባለሙያ የሚያስተላልፈው ትምህርት አለ። አፍንጫና ጉንጭ ሲያብጥ፣ የመንካት ስሜት መኖሩንና የነርቭ መወፈርን መመርመር ይገባል፤ ሆኖም ስሜት መኖሩ ብቻውን የሥጋ ደዌን አያስወግድም። ከቆዳ ስንጥቅ የሚወሰደው ናሙና በዚል ኒልሰን ሲቀለም የሥጋ ደዌን ባሲል፣ በጊምሳ ሲቀለም ደግሞ የሌሽማንያን ጥገኛ ያሳያል።

ሁለቱም ካልተገኙና የፊት መቃጠል፣ ብጉር መሰል ሽፍታና በፀሐይ ወይም በሙቀት የሚባባስ መቅላት ካለ፣ ሮዛሺያ መታሰብ አለበት። በጠቆረ ቆዳ ላይ መቅላቱ ጎልቶ ስለማይታይ በቀላሉ ያልፋል፤ ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባትም ያባብሰዋል።

ቁንጭር ከጊዜ በኋላ በራሱ ሊድን ቢችልም ጠባሳው ይቀራል። ያለ ምርመራ የተሰጠ ስም ግን ከጠባሳው ይልቅ ሊከብድ ይችላል።