የአራዳ ቤቶች ቋሚና ማገር ከምን በቀለ?

ከፒያሳ ወደ መርካቶ የሚወርድ መንገደኛ የሚሻገረው ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ የጦር ሚኒስትሩን የፊታውራሪ ሃብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴን ስም ይዟል። በ1919 ዓ.ም. ያረፉት ፊታውራሪ በአገልግሎት ላይ ሳሉ አዲስ አበባ በእንጨት እጦት ልትለቀቅ ተቃርባ ነበር። የአካባቢው ጽድና ወይራ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ በመጨፍጨፉ ዐፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ሊያዛውሩ አስበው በአዲስ ዓለም ቤተ መንግሥት እስከማሠራት ደርሰዋል። ከተማዋን ያተረፋት በ1880ዎቹ ማብቂያ ግድም ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። በአራዳ የቆዩ የጭቃ ቤቶች ግድግዳ ውስጥ ቋሚውም ማገሩም እሱ ነው።

ያ ሁሉ እንጨት ከምን ተሠራ? ብዙ ተማሪ «ከአፈር» ይላል። ቫን ሄልሞንት የተባለው የብራስልስ ሐኪም 90 ኪሎ ግራም ያህል አፈር መዝኖ የአኻያ ችግኝ ተከለበት፤ ውሃ ብቻ እያጠጣ 5 ዓመት ጠበቀ። ዛፉ ከ70 ኪሎ ግራም በላይ ሲጨምር አፈሩ የጎደለው ከ60 ግራም ያነሰ ነበር። ሁሉንም ለውሃ ሰጠው፤ አየሩን ዘነጋ። የብርሃኑን ድርሻ ኢንገንሁዝ የተባለው ተመራማሪ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1779 ነው።

ዛሬ ይህን ለማየት አንድ የባቄላ ተክል ይበቃል፤ ልጆቻችን በገዛ እጃቸው ሳይሠሩት ባያልፉ እመኛለሁ። ተክሉ 2 ቀን ጨለማ ውስጥ ይቆይና ያጠራቀመውን ስታርች ይጨርሳል። ከዚያ የአንዱ ቅጠል ከፊል በጥቁር ወረቀት ተሸፍኖ ለጥቂት ሰዓታት ፀሐይ ላይ ይውላል። ቅጠሉ ተቆርጦ በፈላ ውሃ ይነከራል፤ ቀጥሎም አረንጓዴው እስኪለቅ በአልኮል ይሞቃል። አልኮሉ እሳት እንዳይዝ ዕቃው የሚቀመጠው ሙቅ ውሃ ውስጥ ነው፤ በዚህ ላይ መምህሩ ቸል ሊል አይገባም። በመጨረሻ አዮዲን ሲንጠባጠብበት ፀሐይ ያገኘው ክፍል ሰማያዊ ጥቁር ይሆናል፤ የተሸፈነው የአዮዲኑን ቡናማ ቀለም ይዞ ይቀራል። ሥሩ አንድ፣ ውሃው አንድ፣ ቅጠሉም አንድ ስለሆነ ለልዩነቱ ከብርሃን በቀር ሰበብ አይገኝለትም። የአየሩንም ለመፈተን ሌላ ተክል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚመጥ ኮስቲክ ሶዳ ጋር በመስታወት ይከደናል፤ ስታርች አይሠራም። የባሕር ዛፉም አካል በአብዛኛው የተገነባው ከአየርና ከውሃ ነው፤ ብርሃን አስተጻምሮ የምንለው ይህንኑ ነው።

ውሃው ግን ቅሬታ አመጣ። ዛፉ ምንጭ ያደርቃል ተባለና፣ ፊታውራሪ የጦር ሚኒስትር ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1913 ሁለት ሦስተኛው ተነቅሎ በእንጆሪ ዛፍ እንዲተካ ታዘዘ። ትእዛዙ በሥራ ላይ ሳይውል ቀረ፤ በጥቂት ዓመት ለቆረጣ የሚደርስ፣ ከጉቶውም መልሶ የሚያቆጠቁጥ ሌላ ማገዶ የአዲስ አበባ ሰው አልነበረውምና።