ሻርል ቦድሌር፦ በግጥሙ የተከሰሰው ፈረንሳዊ ገጣሚና ተርጓሚ

ግጥም ጽፎ ፍርድ ቤት የቆመ ሰው ታውቃላችሁ? ዛሬ ስለ አንዱ እናውጋችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

▪️ ልጅነቱ

ቦድሌር ኤፕሪል 9 ቀን 1821 ፓሪስ ውስጥ ተወለደ። ስድስት ዓመት እንኳ ሳይሞላው አባቱ ሞተ። እናቱ በዓመቱ አንድ የጦር መኮንን አገባች፤ ልጁና እንጀራ አባቱ ግን ሆድና ጀርባ ሆኑ። በ20 ዓመቱ "ጠባዩ ይታረም" ተብሎ ወደ ህንድ በሚሄድ መርከብ ተሳፈረ። እሱ ግን ሞሪሸስንና ሬዩኒየንን አይቶ ተመለሰ።

ለአካለ መጠን ሲደርስ የአባቱን ውርስ ተረከበ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ግማሽ ያህሉን ጨረሰው! በ1844 ቤተሰቡ በፍርድ ቤት ገንዘቡን የሚቆጣጠር ሰው አስሾመበት። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ከአበዳሪዎች እየሸሸ ቤት ሲቀያይር ኖረ።

▪️ ተርጓሚው

በ1840ዎቹ የአሜሪካዊውን የኤድጋር አላን ፖን ጽሑፎች ሲያነብ ራሱን ያገኘ መሰለው። የመጀመሪያ ትርጉሙን በ1848 አወጣ፤ በጠቅላላው አምስት ቅጾች ተረጎመለት። ፖ በአውሮፓ ለገነነው ስም የቦድሌር ትርጉም ትልቅ ድርሻ አለው። "ፖን ትኮርጃለህ" ሲሉት፣ የተረጎምኩት ስለሚመስለኝ ነው ብሎ መለሰ።

▪️ ክሱ

በ1857 "የክፋት አበቦች" የተሰኘው የግጥም መድበሉ ወጣ። ወዲያው "የሕዝብን ሞራል የሚነካ ነው" ተብሎ ተከሰሰ። ያው ዐቃቤ ሕግ በዚያው ዓመት ደራሲ ፍሎቤርንም ከሶ ነበር፤ ፍሎቤር ነጻ ወጣ፣ ቦድሌር ግን ተፈረደበት። ቅጣቱ 300 ፍራንክ (በኋላ ወደ 50 ተቀንሶለታል) እና የስድስት ግጥሞች መታገድ ነበር። እሱስ ምን አደረገ? በ1861 ከ30 በላይ አዳዲስ ግጥሞች ጨምሮ መጽሐፉን እንደገና አሳተመ።

▪️ መጨረሻው

በ1866 ቤልጂየም ሳለ በስትሮክ ተመታ። በቃላት የኖረው ሰው መናገር አቃተው። ኦገስት 31 ቀን 1867 በ46 ዓመቱ አረፈ።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ ወደፊት ሐረር የሚኖረው አርተር ራምቦ ገና በ16 ዓመቱ በጻፈው ደብዳቤ "የገጣሚዎች ንጉሥ" ብሎ ጠራው። የፈረንሳይ ሰበር ሰሚ ፍርድ ቤት ደግሞ በ1949 ፍርዱን ሻረው። ከ92 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው! ዳኞቹን ዛሬ የሚያስታውሳቸው የለም፤ ያገዷቸው ግጥሞች ግን አሁንም ይነበባሉ።